አያ ሙላት ከአራት ኪኒን ሲወርዱ

ሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1950። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ፋሻ አልቋል። አዮዲን ለነገ አይደርስም። ዛሬ ሳል፣ እከክ፣ ዓይን፣ በቅሎ የረገጠችው አንድ ዲያቆን። ዲያቆኑ በቅሎዋን በግዕዝ ይራገማል። እኔ እስቃለሁ፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም። እስከ ስምንት ሰዓት ሸጋ ቀን ነበር።

በስምንት ሰዓት አያ ሙላት ገቡ። እስካሁን ስለ እሳቸው ነግሬህ አላውቅም፣ ደብተሬ። እዚሁ ጎንደር የቁስቋም ሰው ናቸው፤ የድሮ የካሚዮን ሾፌር። ወር በገባ ቁጥር በመድኃኒት መስኮቴ ብልቃጥ ያቀብሉኛል፣ ሞልቼ እመልሳለሁ። የእንቅልፍ ኪኒን። ማታ ማታ አራት። እንዲህ ስንል ስምንት ዓመት። ዛሬ ግን በመስኮት ሳይሆን በበር መጡ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ የሺ ደግፈዋቸው። ግራ እግራቸው ተቃጥሏል። ዓርብ ማታ ምድጃ ዳር እንደተቀመጡ እንቅልፍ ጣላቸው፤ እግራቸው እሳት ገባ፤ አልነቁም። ወ/ሮ የሺ ከጓዳ ሆነው በጾም ቀን ማነው ሥጋ የሚጠብሰው ብለው ወጡ። ሲነግሩን ያለቅሳሉም ይስቃሉም። ሦስት ቀን ቅቤ ሲቀቡት ሰንብተዋል።

አጠብኩ፣ ጠቀለልኩ። የመጨረሻው ፋሻ እሱ ነው።

አዲሱ ጤና መኮንን ደምሴ (ከዚህ በኋላ ጤ.መ. እለዋለሁ፤ ሕዝቡ ዶክተር ይለዋል፣ እሱ አይደለሁም ይላል፣ የሚሰማው የለም) ካርዱን አስመጣ። አነበበ። ከላይ የአንድ ፈረንጅ ሐኪም እጅ፦ ለአንድ ወር ብቻ። ፈረንጁ አገሩ ከገባ ቆይቷል። ከዚያ በታች "ይደገም"። "ይደገም"። ገጹ እስኪሞላ፣ ከዚያ ሌላ ገጽ። የማን ጽሕፈት? የእኔ። ጽሕፈቴ እንደ ደብተራ ያምራል ተብዬ የምኮራ ሰው ነኝ። ዛሬ ባይነበብ በወደድኩ።

አልተቆጣኝም። መጀመሪያ ለምን ታዘዘላቸው አለ። አላውቅም አልኩ። ጠይቀሃቸው ታውቃለህ አለ። መጥረጊያ አንስቼ ንጹሕ ወለል ጠረግሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ማታ 2 ሰ.

ጤ.መ. ጠርቶ አስቀምጦ አስረዳኝ። ይህ ኪኒን ሲቆይ ሰውነት ይለምደዋል። ልማድ ከሆነ በኋላ ባንድ ቀን ቢቋረጥ ሰውየው ይንቀጠቀጣል፣ ይጥለዋል፣ ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ። በሁለት ሳምንት ግማሽ ኪኒን መቀነስ። ሲከብድ ቆም ማለት። ወራት ይፈጃል። ኃላፊነቱን ለእኔ ሰጠኝ። ለምን ለእኔ? አንተን ለምደውሃል አለ። (የለመዱትስ መስኮቱን ነው።)

ስምንት ሰዓት ላይ ቁስላቸውን ሊያሳጥቡ መጡ፤ ለብቻቸው፣ ወ/ሮ የሺ ደጅ ከሌሎች ሴቶች ጋር ጨዋታ ይዘዋል። የተነገረኝን ነገርኳቸው። ዓይናቸው እንደ ጭጋግ ነው፣ ቃል ሲሰሙ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ይጠብቁታል። በመጨረሻ ግን ፊታቸው በራ፦

"ገባኝ። ቁልቁለት ነው በለኛ! ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ ነው የሚወረደው። ማርሽ ነቅሎ የወረደ ሾፌር ሬሳው እንኳ አይገኝም።"

ከእኔም ከጤ.መ.ም የተሻለ አስረዱት። ደስ ብሎኝ ዋልኩ። እንግዲህ ሦስት ተኩል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

እግራቸው እየጠገገ ነው። አያ ሙላት ዛሬ አማረሩ፦ የጎረቤት አውራ ዶሮ ከሌሊቱ በአሥር ሰዓት ይጮኻል። ያ ዶሮ ሁልጊዜም ይጮኻል፣ ወ/ሮ የሺ ይምላሉ። ስምንት ዓመት ሲጮኽ ዛሬ ተሰማቸው ማለት ነው። ለጤ.መ. ሮጬ ነገርኩት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ አንድ ዶሮ ስንደሰት የጥበቃው ሰውዬ አየን።

ዓርብ፣ ኅዳር 6። ቁስቋም።

ንግሥ። ሕዝቡ ከእቴጌ ግንብ እስከ ታች። ነጠላዬን አጥቤ ሄድኩ። ታቦቱ ሲገባ በአንድ ዘመድ ቤት ጠላ ላይ ወ/ሮ የሺ አገኙኝ፣ ፊታቸው እንደ መስከረም። ሳሙኝ። አያ ሙላትስ? ቤት ናቸው፣ ትንሽ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ግን በቁስቋም ማርያም ኃይል ያ መርዝ ከቤታችን ወጣ አሉኝ። ማክሰኞ ብልቃጡን እንዳለ ወንዝ ጨምረውታል። ስለት ነው።

ጠላው በእጄ ነው። ከበሮው ይመታል። ባንድ ጊዜ አይቋረጥም እኮ አልኳቸው። እጃቸውን አወናጨፉ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ነገ ይምጡ አልኩ። አዎን አሉ፣ ወደ ጭፈራው ገቡ። ነገ ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አልመጡም። ሰኞ እጠይቃለሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 9። ማታ 1 ሰ.

አሁን ገና ተቀመጥኩ። ልጻፍ።

ጧት 2 ሰዓት ሳይሞላ አራት ሰዎች በቃሬዛ። አያ ሙላት። ጥርሳቸው ገጥሟል፣ አረፋ ከደም ጋር፣ ሰውነታቸው ይንዘፈዘፋል። ቤት አንዴ፣ መንገድ ላይ አንዴ፣ እኛ ዘንድ ሦስተኛ። በጎን አስተኛኋቸው። ጤ.መ. መርፌውን ወጋ። ጠበቅን። እኔ የማውቀውን ጸሎት ሁሉ ጀምሬ አንዱንም አልጨረስኩ።

መንዘፍዘፉ ቆመ። ለቀቃቸው። ስድስት ሰዓት ላይ ዓይናቸውን ገለጡ፣ ምላሳቸው ተነክሶ አብጧል። እየተኮላተፉ ያሉት፦

"ማርሹን ማን ነቀለው?"

ጤ.መ. ጀርባውን አዞረ። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ አላየሁም።

ወ/ሮ የሺ ግድግዳውን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ባሌን በእጄ ገደልኩት ይላሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እርስዎ አይደሉም አልኳቸው። ዓርብ እየሰማሁ ጠላዬን የጨረስኩ እኔ ነኝ። መጀመሪያም የነገርኩት በኪኒን ለደነዘዘ ሰው ነው፤ ለእርስዎ ደጃፍ ላይ አምስት ቃል አልተነፈስኩም። ቀና ብለው አዩኝ።

"ታዲያ ምነው ለእኔ ያልነገርከኝ?"

ተነስቼ ውኃ ቀዳሁላቸው። 

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

ከሥራ በኋላ ቁስቋም ወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት ጎንደር ኖሬ የአንድ በሽተኛ ቤት ሳልጠራ ስሄድ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ነበር፤ ውሻው አሳወቀብኝ።

አያ ሙላት ተኝተዋል፣ እንደገና በአራት ኪኒን። ወ/ሮ የሺ ሥራ ላይ ናቸው፤ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ጥልፍ ይጠልፋሉ፣ በወርቅማ ክር። የንስሐ አባታቸውም አሉ። ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ለምን ባንድ ቀን እንደማይተው፣ ለምን በግማሽ፣ ምን ምልክት ሲያዩ እንደሚጠሩኝ። ቄሱ ጠበሉም ይጠጣ፣ የታዘዘውም አይቅር፣ ሁለቱም የእግዜር ነው አሉ፤ ስለቱንም ፈቱ። ወ/ሮ የሺ ክራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፦ ኪኒኑን ለእኔ ስጠኝ።

ሰጠኋቸው። አንዱን በምላጭ ለሁለት ከፈሉት። ትክክል እኩል። ግማሹን ደግሞ ለሁለት። በክሊኒኩ ሚዛን ብመዝነው ልዩነት የለውም። ጥልፍ ጠላፊ ነኝ እኮ አሉ፣ ከፊቴ አንብበው። ለያንዳንዱ ማታ በወረቀት እየጠቀለሉ ክር ሳጥናቸው ውስጥ ደረደሩት፣ ሳጥኑን ቆለፉ፣ ቁልፉን ከማተባቸው ጋር አሰሩ።

ስመለስ ቁልቁል እየዘፈንኩ ነበር። ድምፄ አያምርም። የሰማኝ የለም፣ ከውሾች በቀር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 15

ሦስት። ደህና ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ በግንቡ ዙሪያ አብረን እንራመዳለን። ወ/ሮ የሺ ሰውነቱ ካልደከመ አይተኛም ብለው የወሰኑት ነው። በዘንግ ያነክሳሉ፣ ግን ከእኔ ይፈጥናሉ። እንጨትም እየፈለጡ ነው። የጎረቤት እንጨት ሁሉ አልቋል ይላሉ ጎረቤቶቹ፣ ደስ ብሏቸው።

ጭጋጉ ከዓይናቸው እየሳሳ ነው። ዛሬ እኔን በደንብ አዩኝና አስናቀ፣ ፀጉርህ ሸሽቷል እኮ፣ መቼ ነው አሉኝ። በስምንት ዓመት ውስጥ ነው አያ ሙላት።

ሰኞ፣ ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ሁለት ተኩል ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሁለት። ትናንት ፋሲል መዋኛ ዳር አየኋቸው፤ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው። ወ/ሮ የሺ ባሌ አምና በቅዳሴው መሐል የማያውቀው ሰው ትከሻ ላይ አንኮራፍቶ ነበር ብለው ለማያውቋቸው ሰዎች ሁሉ ይነግራሉ። አያ ሙላት እንዳልሰሙ ይሆናሉ። ፊታቸው ግን ፈዘዝ ብሏል። እጃቸው እንደገና ይንቀጠቀጣል። በዓል ነው ብዬ አለፍኩት። (እንዲህ ያለ ነገር በቁስቋም ንግሥም የጻፍኩ አይመስልህም?)

ማክሰኞ፣ ጥር 20። ከቀኑ 9 ሰ.

ጤ.መ. ጠዳ ለክትባት ሄዷል። ብቻዬን ነኝ። አያ ሙላት መስኮቱ ላይ መጡ። በሩ ክፍት ነው፣ እሳቸው ግን መስኮቱ ላይ። ብልቃጥ የላቸውም። መዳፋቸውን ብቻ ዘረጉ። ሦስት ሌሊት አልተኙም። ያ ነገር መጣብኝ አሉ። ምኑ? አይነግሩኝም። ላብ በላብ ናቸው። አንዷን ብቻ፣ የሺ አትስማ፣ በእናትህ አስናቀ።

ሰጠኋቸው።

አንዷን። እንደ ወፍ ዋጥ አደረጓት፣ ያለ ውኃ። ሄዱ። አላየኋቸውም፣ መዝገቡን ነበር የማየው።

ረቡዕ፣ ጥር 21

ጧት ከሁሉ በፊት ለጤ.መ. ተናዘዝኩ። ቆሜ። ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፣ ወደ ግማሹ ስደርስ ተውኩት። ጤ.መ. ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ። ጥፋቱ የእኔም ነው አለ፤ ቁልቁለቱ በዝቶባቸዋል፣ እኛ ግን የወረቀቱን ቀን ነው የተከተልነው። ባሉበት ይቁሙ። ሁለት ከሆነ ሁለት። እሳቸው እንቀጥል እስኪሉ አንድ ፍርፋሪ አይቀነስ። በድብቅ ግን አይሰጥም። ደግሞ ሂድና ለወ/ሮ የሺ ንገራቸው አለ፣ እዚህ ቤት ከእሳቸው የሚደበቅ መድኃኒት የለም።

ሄድኩ። ነገርኳቸው። መቀሱን አስቀመጡ። እሳት ይወርድብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ሳቁ፤ ለካ አያ ሙላት ትናንት ማታ ራሳቸው ተናዝዘዋል። ሁለት ወንዶች ባንዲት ኪኒን ንስሐ ስትገቡ ቄሱን ሥራ አስፈታችሁት አሉኝ። ዳቦ ቆረሱልኝ።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ፦ ከደጅ ስወጣ አያ ሙላት እጄን ያዙና ይቅርታ ጠየቁኝ። እሳቸው። እኔን።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29። ከቀትር በኋላ።

ሁዳዴ። ሆዴ ባዶ፣ ልቤ ሙሉ። በእርጋታ ወርደን አንድ ተኩል ደርሰናል። ዛሬ ግን የምጽፈው ስለ ኪኒን አይደለም።

በግንቡ ዙሪያ ስንራመድ አያ ሙላት ባንድ የፈረሰ ቅጥር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ነው። ከታች ከተማው ይታያል። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ጠየቅኋቸው፦ እንቅልፍ እምቢ ያለዎት መቼ ነው?

ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ከዚያ ጀመሩ። ያሉትን እንዳሉት ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሊማሊሞ ላይ ነው። ከደባርቅ ተነስተው ቁልቁል ወደ ዓዲ አርቃይ፣ ተልባ ጭነው። የተልባው ባለቤት፣ በጎንደር የአዲስ ዓለም ሰፈር ነጋዴው ሐጂ እንድሪስ፣ ጋቢና ውስጥ ከጎናቸው። ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን እምቢ አለ።

"ሁሉ ሰው ማኪናው ወረወረው ነው የሚለው። እኔም እንዲያው ነው ያልኩ። አልወረወረኝም፣ አስናቀ። ዘለልኩ። በሩን ከፍቼ ዘለልኩ። ሰውየውን ጥዬ።"

"ከዚያስ?"

"ማኪናው ቋጥኝ ላይ ተሰቀለ። የፊት ጎማው አየር ላይ። ሰዎች ደርሰው ሐጂን በገመድ አወጡት። አልሞተም። እኔ ዓይኔን ስጨፍን ገደሉ አይደለም የሚታየኝ። እጄ ነው። መሪውን ለቆ የበሩን እጀታ ሲይዝ። ያው ይህ እጄ።"

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው አዩት፣ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ።

ለፈረንጁ ሐኪም እንቅልፍ የለኝም ብቻ አሉት። እሱም ሌላ አልጠየቀ። ከዚያ ወዲህ መኪና አልነዱም፤ አዲስ ዓለምንም አልረገጡም። ገበያ ሲሄዱ ዞረው ነው የሚያልፉ። ወ/ሮ የሺስ ያውቃሉ? አያውቁም። እኔ የመጀመሪያው ነኝ።

ዘንጋቸውን አንስቼ አቀበልኳቸው።   ሲነሱ ትከሻቸው ቀለል ያለ መሰለኝ፣ ወይም ምኞቴ ይሆናል።

እሑድ፣ የካቲት 30

ለወ/ሮ የሺ ነገሯቸው! ጧት ከቅዳሴ ስንወጣ በዓይናቸው ነገሩኝ። ወ/ሮ የሺ መንገድ ላይ ይቆጣሉ፣ ስለ መዝለሉ አይደለም፣ ስምንት ዓመት ስለ መደበቁ። ሰውዬ፣ ከእኔ ጋር እየኖርክ ከእኔ ተደብቀህ የት ነበርክ? አያ ሙላት እንደ ተማሪ አንገታቸውን ደፍተው ይከተላሉ። ደስ የሚል ቁጣ ነበር። ውሳኔው የተሰጠው እዚያው መንገድ ላይ ነው፦ ሐጂ ዘንድ ይሄዳሉ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 17

ሄድን። ብቻዬን እግሬ አይንቀሳቀስም ስላሉ አብሬ። ጧት 4 ሰዓት፣ አዲስ ዓለም፣ የሐጂ ሱቅ።

ሐጂ እንድሪስን ጎንደር ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ወፍራም፣ ነጭ ጺም፣ ሲስቁ ሱቁ ይነቃነቃል። አያ ሙላትን ሲያዩ ሳቁ ጠፋ። ተነሡ። ግቡ አሉ። ተቀመጥን። ከዚያ ማንም ምንም የሚያቀርበው ነገር የለም፤ እሳቸው ረመዳን፣ እኛ ሁዳዴ። ሦስት የተራቡ ወንዶች ባዶ ሰሐን መሐል ሆነን ተያየን። ሻይ ቢኖር እንኳ ዓይን የምንጥልበት ነበረን።

አያ ሙላት እንደተቀመጡ ተናገሩት። በአንድ ትንፋሽ። ዘለልኩ፣ አንተን ጥዬ ዘለልኩ፣ ሐጂ፣ ሰው ሁሉ ወረወረው ሲል ዝም አልኩ።

ሐጂ ዓይናቸውን አጠበቡ።

"መቼ ነው የዘለልክ?"

"ፍሬኑ እምቢ ሲል። ሳታየኝ አልቀረህም።"

"እኔ? እኔ ምን አይቼ? ከደባርቅ ጀምሮ ተኝቼ ነበር እኮ! ስነቃ ቁራ ከእግሬ በታች ይበራል። ሞቼ ነው ብዬ ሸሃዳዬን ያዝኩ።"

አያ ሙላት አፋቸውን ከፈቱ። ዘጉ። እኔ ሳቄ አፍንጫዬ ላይ ደርሷል፤ ይዤዋለሁ።

"ተኝተህ?"

"ሲያንኮራፉ የኖሩ ዘሮች ነን። ደግሞስ ብትቀር ምን ልታደርግ? ሁለታችን ጋቢና ውስጥ ብንሆን ያ ማኪና ወደፊት ዘንበል አይልም ነበር? ሆዴን እየው! የአንዱ ክብደት ነው ቋጥኙ የቻለው። አላህ ነው ያስዘለለህ።"

ከዚያ ፊታቸው ተቀየረ። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"እኔ የተቀየምኩህ በሌላ ነው። ወገቤ ተሰብሮ ሦስት ወር ስተኛ ጎንደር ሁሉ መጥቶ ጠየቀኝ። የጠላሁት ሳይቀር መጣ። አንተ አልመጣህም። ያን ሁሉ መንገድ አብረን ስንበላ ኖረን፣ ምን አደረግሁት እያልኩ ስምንት ዓመት።"

አያ ሙላት ተነሡና ጉልበታቸው ላይ ወደቁ። ሐጂ ብብታቸውን ይዘው አነሧቸው። ሁለት ሽማግሌ ተቃቅፎ ሲያለቅስ አየሁ፣ እኔም ምን ቀረኝ። ገዢ አንዲት ሴት ገብታ ማን ሞተ ብላ ደረቷን ልትመታ ቃጣች። ያ ነው ሳቁን ያመጣው። የያዝኩት ሳቅ ሁሉ ወጣ።

ተልባውስ አሉ አያ ሙላት፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። ሐጂ፦ በዓመቱ ክረምት ያ ገደል ሰማያዊ አበባ አበቀለ፤ ማንም አይወጣበት፣ ማንም አያጭደው፤ የደባርቅ ሰው የሐጂ እርሻ ይለዋል አሉ። እስከ ሱቁ ደጅ ሸኙን። አያ ሙላት በአዲስ ዓለም መሐል መንገድ፣ ሳይዞሩ፣ ቀጥ ብለው ሄዱ።

ዛሬ ሳይበሉ የጠገቡ ሦስት ሰዎች ጎንደር ውስጥ አሉ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። የፋሲካ ማግሥት።

ከዶሮ ወጥ ስለወጣሁ አጭር ነው። ግማሽ ኪኒን። አያ ሙላት በሌሊቱ ቅዳሴ እስከ መጨረሻው ቆሙ። ጤ.መ. ቁስቋም ተጋብዞ መጣ። ዶክተር ሲሉት ዛሬ አልመለሰም፤ አፉ ሙሉ ነበር።

እውነቱን ልጻፍ፦ ሁልጊዜ አይተኙም። ሁለት ሦስት ሌሊት በሳምንት ዓይናቸው ይፈጥጣል። እጁም አንዳንዴ ይመጣባቸዋል። አሁን ግን ወ/ሮ የሺን ቀስቅሰው ይነግሯቸዋል፤ ወ/ሮ የሺም እኔን ደግሞ ማን ያስተኛኝ ይላሉ፤ ሲከራከሩ ይነጋል።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 21። ከቀኑ 5 ሰ.

ወ/ሮ የሺ የመጨረሻዋን ሩብ ትናንት ማታ ሰጡ። እንደ ተልባ ፍሬ ነበረች አሉ። ክር ሳጥኑ ባዶ ሆነ፣ ማለት ክር ብቻ።

ያልሆነ ነገር እንዳይመጣ ጤ.መ. ጧት ማታ እንዳያቸው አዝዞኛል። መንቀጥቀጥ የለም። ላብ የለም። ረኀብ አለ፤ አምስት እንጀራ በሉ ይባላል። ካርዳቸው ላይ የዛሬውን ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አምሯል፣ ደብተሬ። ልታየው ይገባ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 30

ዘጠነኛ ቀን። ደህና።

ሐጂ እንድሪስ ክሊኒክ መጡ። ታመው አይደለም። በሩን ዘግተው ተቀመጡ። አንዲት ታላቅ እህት አለቻቸው፣ ወገራ ውስጥ አምባ ጊዮርጊስ የሚኖሩ፣ እትዬ ዘይነብ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያንኑ ኪኒን ይውጣሉ፤ የሚመላለስ ሰው በብልቃጥ ያመጣላቸዋል፤ ስንት እንደሚውጡ እሳቸውም አያውቁም። ባለፈው የልጅ ልጃቸው ስም ጠፋባቸው። ጉልበታቸው አይንቀሳቀስም፣ ጎንደር መምጣት አይችሉም። ሐጂ ዛሬ አልሳቁም። የሙላትን አየሁ አሉኝ፤ እህቴን መልስልኝ።

እኔ ቁስል አጣቢ ድሬሰር ነኝ። መልስልኝ የሚባል ሰው አይደለሁም። እንዲህ ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን ሌላ ነው፦ ከማን ጋር ነው የሚኖሩት? ቁልፍ የሚይዝ ሰው አለ?

ዓርብ፣ ግንቦት 1

ለጤ.መ. ነገርኩት። ብዙ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ምን ታያለህ? ልክ የሚውጡትን እቆጥራለሁ። ትቀንሳለህ? አልቀንስም፤ መጀመሪያ አንዱን ወር በየማታው እኩል እንዲሆን ብቻ፤ እርስዎ ሳያዩት አንዲት ፍርፋሪ አልነካም። ለማን ትነግራለህ? ለቤቱ ሰው ሁሉ፣ እስከ ጎረቤት። ፈገግ አለ። ምን ያህል ጊዜ ትመላለሳለህ? እስኪበቃ። ስንት ወር? አላውቅም፣ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

የፈቃድ ወረቀቱን ፈረመ። ከሥሩ በእጁ ጻፈ፦ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ፣ ለአስናቀ፣ የወገራ ሥራ። የወገራ ሥራ! ማዕረግ ያገኘሁ መሰለኝ።

አያ ሙላት ሰምተው መጡ። እሄዳለሁ አሉ። የእኔን ቃል አታምን ይሆናል፣ የእኔን ዓይን ግን ታያለች። ወ/ሮ የሺም ምላጫቸውን ጠቅልለው ተዘጋጅተዋል፤ ለዚያ ቤት ሴቶች አቆራረጡን ማን ያሳያቸዋል? ሐጂ የአራት ሰው ቦታ በአውቶቡስ አስይዘዋል።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2። ጧት 12 ሰ.

ዝናብ አካፍቷል። ሻንጣዬ ውስጥ፦ የደም ግፊት መለኪያ፣ ካርድ፣ ባዶ ወረቀት ለመጠቅለያ፣ ዳቦ። ፈርቻለሁ። እትዬ ዘይነብ ሊያባርሩኝ ይችላሉ፤ ቢያባርሩኝ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ እመለሳለሁ፣ ይህን ትናንት ወስኛለሁ፣ ለዚህ ነው የምጽፈው፣ እንዳልክድ።

አውቶቡሱ ጥሩንባ ይነፋል። ወ/ሮ የሺ ከመንገድ ላይ አስናቀ! እያሉ ነው፣ አያ ሙላት ከሹፌሩ ጋር ስለ ጎማ ክርክር ይዘዋል፣ ሐጂ ይስቃሉ፣ እኔም ጫማዬን ገና አላሰርኩም።